ሁለት አስራ አንድ ቁጥር

ዶክተር ያብስራ ወደ ወይዘሮ ማርሲላስ ቤት ሲገቡ የያዙት አንድ ሻንጣና አንድ ፌስታል ነበር። ሻንጣው ውስጥ ልብሳቸው፣ ፌስታሉ ውስጥ ደግሞ በፎጣ የተጠቀለለ ራውተራቸው።

በሐዋሳ ነጠላ መኖሪያዎች ሰው ቤት ሲቀይር ራውተሩን ይዞ ነው የሚሄደው። አልጋው፣ ምድጃውና መብራቱ የቤቱ ናቸው፤ ራውተሩ ግን የሰውየው ነው። የእንቅልፉን ልማድ፣ የደም ግፊቱን፣ ሻዩን በስንት ስኳር እንደሚጠጣ፣ በሩን ከፍቶ ሲገባ በምን ዓይነት ድምፅ «እንኳን ደህና መጡ» መባል እንደሚወድ የሚያውቀው እሱ ነው። ሰውየው ሲሞት ራውተሩ ያወቀው ሁሉ ይጠፋና ለሌላ ሰው ይሰጣል።

ስለዚህ ዶክተሩ ፌስታላቸውን አንጠልጥለው በኮሪደሩ ሲያልፉ ያየ ጎረቤት ሁሉ ቤት እየቀየሩ መሆኑን አውቋል። ያላወቀው፣ የሚገቡበት ቤት ባዶ አለመሆኑን ነው።

በአንድ በር አንድ ሰው ብቻ የሚኖርባቸው ነጠላ መኖሪያዎች መጀመሪያ የተሠሩት ለሥራ ከሌላ አገር ለሚመጡ ወጣቶች ነበር። ርካሽ፣ ንጹሕና ጸጥ ያሉ ስለነበሩ ቀስ በቀስ የተጋቡትም፣ የወለዱትም፣ ያረጁትም ገቡባቸው። ባልና ሚስት ጎን ለጎን ሁለት በር ይከራያሉ። ልጅ ከፍ ሲል ሦስተኛ በር ይከፈትለታል። ያስገደደ የለም። በመስኮት መከፈት፣ በቴሌቪዥን ድምፅ፣ በመታጠቢያ ቤት ተራ የሚነሳው ጭቅጭቅ ጠፋ። ፍቺም ቀነሰ። ጋዜጦች ይህን በመልካም ዜናነት ጻፉት፤ ከዚያ በኋላ ዜና መሆኑም ቀረ።

ራውተሮቹ ከፋብሪካ ሲወጡ ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። ለቤቱ ዕቃ ሁሉ የቁጥር አድራሻ ይሰጣሉ። ራውተሩ ራሱ አንድ ቁጥር ነው፣ በሩ ሁለት፣ አልጋው ሦስት፣ ምድጃው አራት፣ እንዲህ እያለ ይሄድና የሰውየው ልብ አስራ አንድ ቁጥር ይሆናል። ከስድሳ ዓመት በላይ ያለ ሰው ሁሉ ደረቱ ውስጥ ልብ ረዳት የሚባል ትንሽ ዕቃ አለው። ልብ ሲደክም የሚያበረታ፣ ሲቸኩል የሚያረጋጋ፣ በየደቂቃው የሚሰማውን በራውተሩ በኩል ለጤና መከታተያ ማዕከሉ የሚነግር ነው። በከተማው ያለ የሽማግሌና የባልቴት ልብ ሁሉ አስራ አንድ ቁጥር ነበር። በመሃላቸው ሁልጊዜ ግድግዳ ስላለ ይህ ችግር ፈጥሮ አያውቅም።

ሁለቱ የተገናኙት ሐይቁ ዳር ነው። ወይዘሮ ማርሲላስ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ በንድፍ ቆራጭነት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ማለዳ ማለዳ ወርደው ዓሣ የሚገዙ ሴት ነበሩ። አንድ ጠዋት ገበያው አጠገብ አንድ አባ ኮዳ፣ ያ ራሰ በራው ትልቅ ወፍ፣ ክንፉ በመረብ ገመድ ተጠምጥሞ ሲንደፋደፍ አዩ። አንድ ረጅም ሰው ተንበርክከው ሊፈቱት ይታገላሉ።

«እመቤቴ፣ አንገቱን ቢይዙልኝ» አሉ ሰውየው ዞር ሳይሉ።

«ቢነክሰኝስ?»

«ይነክሳል። ጥርስ ግን የለውም።»

ወይዘሮ ማርሲላስ የያዙትን ዓሣ ድንጋይ ላይ አስቀምጠው አንገቱን ያዙ። ወፉ ከገመዱ ሲላቀቅ ምንም ምስጋና አላሳየም፤ ድንጋዩ ላይ የነበረውን ዓሣ ላፍ አድርጎ በረረ። ዶክተር ያብስራ፣ ዕድሜ ልካቸውን በእንስሳት ሐኪምነት ያገለገሉ ሰው፣ በታካሚያቸው ስም ይቅርታ ጠይቀው ሌላ ዓሣ ገዙላቸው። ዓሣውን አብረው በሉት።

ከዚያ በኋላ መጠያየቅ ሆነ። እንግዳ ቤት ውስጥ እስከ ማምሻ መቆየት ይችላል። የእንግዳው ዕቃዎች እስከዚያ ድረስ ዝም ይላሉ። ማምሻው ላይ የባለቤቱ ራውተር ለስለስ ባለ ድምፅ «እንግዳዎ ሳይደክማቸው አይቀርም» ይላል። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ይደግመዋል። ሰው ሁሉ ይህን ስለለመደው አይቀየምም፤ ተነስቶ ጫማውን ያደርጋል።

አንድ ቀን ራውተሩ ይህን ሲል ዶክተሩ ሊነሱ አሉ። ወይዘሮ ማርሲላስ እጃቸውን ያዟቸው።

«ለምን እዚህ አይኖሩም?»

ዶክተሩ ትንሽ አሰቡ። «ጎን ያለው በር ተለቀቀ እንዴ?»

«ጎን አላልኩም። እዚህ።»

ዶክተር ያብስራ ቤቱን ዞር ብለው አዩት። አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ሰሃን የሚይዝ መደርደሪያ። «ወንበር እገዛለሁ» አሉ።

ማዘጋጃ ቤት ሄደው ተጋቡ። ያጋባቸው ወጣት ሠራተኛ እንኳን ደስ አላችሁ ካለ በኋላ ሁለቱም አንድ ዓይነት የበር ቁጥር መጥራታቸውን ሲሰማ፣ አንዳቸው የተሳሳቱ መስሎት እንደገና ጠየቀ። ሲወጡ «እርስዎ» መባባል ይቅር ተባባሉ። ዶክተሩ ግን ለተወሰነ ጊዜ እየተምታታባቸው «አንቺ እርስዎ» ይሉ ነበር።

የወይዘሮ ማርሲላስ ልጅ ትሁት ነገሩን በስልክ ነው የሰማችው። በአርባዎቹ ውስጥ ያለች ሴት ናት፤ ሻሸመኔ ባቡር ጣቢያ ትሠራለች፣ እሷም በነጠላ ቤት ነው የምትኖረው።

«መጋባቱ ጥሩ» አለች። «ግን እማዬ፣ ጎን ለጎን ብትሆኑ ምን ይጎድላችኋል?»

«ምንም» አሉ እናትየው።

የመጀመሪያው ቀን ሳቅ ነበር። ሁለቱን ራውተሮች መደርደሪያው ላይ ጎን ለጎን አድርገው ቢያበሯቸው ሁለቱም አንድ ቁጥር እኔ ነኝ አሉ። በሩ ለአንደኛው ሲከፈት ሌላኛው ይዘጋዋል። አልጋው ራስጌውን ከፍ አደረገ፣ ዝቅ አደረገ፣ ደግሞ ከፍ አደረገ። ምድጃው ተናዶ ጠፋ። ዶክተር ያብስራ «እኔ እንግዳ ነኝ፣ የእኔው ይረፍ» ብለው የራሳቸውን አጥፍተው በፎጣው መልሰው ጠቀለሉት። ቤቱ ጸጥ አለ። ችግሩ ያለቀ መሰላቸው።

አላለቀም። የዶክተሩ ልብ ረዳት የራሱን ራውተር ሲያጣ ቅርብ ያለውን ፈለገ። አገኘ። አስራ አንድ ቁጥር ነኝ አለው። የወይዘሮ ማርሲላስ ራውተር አስራ አንድ ቁጥርን ድሮ ነው የሚያውቀው፣ እሺ አለ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በዚያ ቤት ውስጥ ሁለት ልብ በአንድ አድራሻ ይጠራ ጀመር። ቀድሞ የመለሰው ይሰማል፤ ሌላው የሌለ ያህል ነው።

ማዕከሉ የሚያየው የአንዲት ባልቴት ልብ ነበር፤ አንዴ ቀስ ይላል፣ አንዴ ይፈጥናል። ዶክተሩ ታቦር ተራራ ወጥተው ላብ በላብ ሆነው ሲገቡ የባልቴቷ ልብ ቸኮለ ብሎ መዘገበ። ለማረጋጋት ትንሽ ዝቅ እንዲል ትእዛዝ ላከ። ራውተሩ የወይዘሮ ማርሲላስ ስለሆነ ትእዛዙ የደረሰው ለእሳቸው ነው። በሌላ ቀንም እንዲሁ።

ወይዘሮ ማርሲላስ እጃቸው መቀዝቀዝ ጀመረ። ደረጃ መውጣት ሲያቅታቸው መሃል ላይ ቆመው ግድግዳውን የሚያደንቁ ይመስሉ ነበር። ከሰው ጋር መኖር ያደክማል ማለት ነው ብለው አሰቡ። አልከፋቸውም።

አንድ እኩለ ቀን ላይ ሰላጣ እየከተፉ ሳለ ቢላዋው ከእጃቸው ወደቀ። ከዚያ እሳቸው ወደቁ።

ዶክተር ያብስራ ከአዲሱ ወንበራቸው ዘለው ተነሱ። የሚስታቸውን እግር በትራስ ከፍ አድርገው አንገታቸው ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። ምቱ አለ፤ ግን በጣም የተራራቀ ነው፣ በመሃሉ ሰው የሚሞትበት ያህል።

«ራውተር!» ብለው ጮኹ። «የማርሲላስ ልብ እየደከመ ነው!»

ራውተሩ በዚያ ለስላሳ ድምፁ መለሰ። «ወይዘሮ ማርሲላስ፣ የልብ ምትዎ ከወትሮው ከፍ ብሏል። እባክዎ ይረጋጉ። ለብ ያለ ውሃ ይጠጡ።»

«ወለሉ ላይ ተዘርግታለች እኮ!»

«ምትዎ ከፍ እንዳለ ነው። እንዲያረጋጋዎት አሁን ትንሽ ዝቅ እናደርገዋለን።»

ዶክተሩ ስልካቸውን አነሱና መልሰው አስቀመጡት። ስልኩን የሚያነሳው ያው ማዕከል ነው፤ ማዕከሉም የሚያየው ያንኑ ነው። አንድ እጃቸው የሚስታቸው አንገት ላይ እንዳለ ሌላኛውን የራሳቸው ደረት ላይ አደረጉ። የራሳቸው ልብ እንደ ከበሮ ይደልቃል።

ያኔ ገባቸው። ራውተሩ የሚሰማው የእሳቸውን ነው። እዚያው እስካሉ ድረስ፣ እስከ ደነገጡ ድረስ፣ የማርሲላስ ልብ አይሰማም።

የእንስሳት ሐኪም ሆነው በኖሩበት ዘመን ሁሉ ከሚሞት ላም እንኳ አጠገብ ተነስተው ሄደው አያውቁም። አሁን ተነሱ። የሚስታቸውን ግንባር ነክተው «መጣሁ» አሉና በሩን ከፍተው ሮጡ። በኮሪደሩ አለፉ፣ ደረጃውን ወረዱ፣ ግቢውን አቋርጠው ራውተሩ የማይደርስበት ዛፍ ሥር ሲደርሱ ቆሙ። ከዚያ ወዲያ የሚያደርጉት ነገር አልነበራቸውም። የሁለተኛ ፎቁን መስኮት እያዩ ጠበቁ። በየመስኮቱ ሰው ብቅ ብሎ አያቸው፤ የወጣ ግን የለም። በነጠላ መኖሪያ ሰው ግቢ ውስጥ ሲያለቅስ ማየት እንደ ነውር ይቆጠራል።

ላይ ቤት ራውተሩ በድንገት ሌላ ልብ ሰማ። ማዕከሉ ደነገጠ፣ ምቱ ከፍ እንዲል ትእዛዝ ላከ፣ ለልጃቸውም መልእክት ላከ። ወይዘሮ ማርሲላስ ዓይናቸውን ሲገልጡ ያዩት ጣራውን ነው። ያብስራ የሉም። ከውጭ ግን የሚጮህ ሰው ይሰማል።

«ማርሲላስ! ማርሲላስ ተናገሪ!»

እየተሳቡ መስኮቱ ጋ ደረሱና ፍሬሙን ተደግፈው ቆሙ። «ምን ሆነህ ነው እዚያ የቆምከው? ና ግባ።»

«አልገባም!» ዶክተሩ በእጃቸው ጀርባ ፊታቸውን ጠረጉ። «ከገባሁ አንቺን መስማት ያቆማል። ቁጭ በይ። ከመስኮቱ ሳትርቂ ቁጭ በይ።»

ተቀመጡ። ትሁት ከሻሸመኔ በመጀመሪያው ባቡር ተሳፍራ እስክትደርስ ድረስ እሳቸው ከላይ፣ ዶክተሩ ከታች ሆነው ስለማይረባ ነገር እያወሩ ቆዩ። ያን ጊዜ ማዕከሉ የምቱ መለዋወጥ ከእንግዳ ብዛት የመጣ ነው ብሎ ውሳኔውን አስታወቀ። በቤቱ ውስጥ ከእንግዳ ሰዓት በላይ የሚቆይ ሰው እንዳይኖር፣ ለባለቤቷ ደኅንነት ሲባል ታዟል። ራውተሩ ይህን ሲያነብ ድምፁን በጣም አለስልሶ ነበር።

ትሁት ግቢው ውስጥ ስትገባ መጀመሪያ ያየችው ዶክተሩን ነው፤ ዛፍ ሥር፣ ባዶ እግራቸውን።

«እናቴ ላይ ቤት ወድቃ እርስዎ እዚህ ምን ያደርጋሉ?»

«ልጄ፣ ግቢ መጀመሪያ። እጇን ይዘሽ ምቱን እይ። ከዚያ ትሰድቢኛለሽ።»

ወጣች። እናቷን አልጋው ላይ አስተኛች፣ ጣፋጭ ሻይ አጠጣች፣ የሆነውን ሁሉ ሰማች። ከዚያ ራውተሩን ለሠራው ድርጅት ደወለች። የመለሰላት ድምፅ በአንድ ቤት ሁለት ራውተር ማስገባት አገልግሎቱ የማያውቀው ነገር መሆኑን አስረዳ፣ ሌላ የሚረዳት ነገር ካለም ጠየቀ።

ትሁት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «እማዬ፣ ይብቃ። ደግ ሰው አይደሉም አላልኩም። ግን ጎን ያለውን በር ይከራዩ። ሌላው ሰው እንዴት ይኖራል? እኔ እንዴት እኖራለሁ?»

ወይዘሮ ማርሲላስ ወደ ግድግዳው አዩ። «ያን ግድግዳ ታውቂዋለሽ?»

«የአባዬ ቤት ነበር ወዲያ።»

«አባትሽ የሞተ ዕለት ጠዋት ተነስቼ ታጠብኩ። ሻይ ጠጣሁ። ፀጉሬን አበጠርኩ። ስጨርስ ራውተሩ 'አሳዛኝ ዜና አለኝ፤ እንቅልፍዎን ላለመረበሽ ብዬ ነው የቆየሁት' አለኝ።» ወደ አልጋው ጠቆሙ። «አልጋዬ እዚህ ነበር። የአባትሽ የናትናኤል አልጋ ከግድግዳው ወዲያ፣ ልክ እዚህ። በመሃላችን ያለው ይቺ ናት።» በጣታቸው ግድግዳውን አንኳኩ። «ጠርቶኝ ይሆን? አላውቅም። ቢጠራኝም አይሰማም። ድምፅ እንዳያሳልፍ ተደርጎ ነው የተሠራ።»

ትሁት ግድግዳውን በመዳፏ ነካችው። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ ልንገርሽ? ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚሞተው።»

ልጅቱ ተነስታ በመስኮቱ ቁልቁል አየች። ዶክተር ያብስራ ቀና ብለው ወደ መስኮቱ ያያሉ። ስታያቸው እጃቸውን ዘርግተው፣ እንዴት ናት ለማለት፣ መዳፋቸውን ገለበጡት። ትሁት ጫማቸውን አንስታ ወረደች።

ጫማቸውን ሲያደርጉ አጠገባቸው ቁጢጥ አለች።

«ጎን ያለው በር ይበቃኛል» አሉ እሳቸው ቀድመው። «አስቤበታለሁ። ከምትታመም በግድግዳ ብንለያይ ይሻላል።»

ከላይ ድምፅ መጣ። «እኔን አይበቃኝም!»

ዶክተሩ ሳያስቡት ሳቁ። ትሁትም ሳቋ ሊያመልጣት ነበር። «እንዴት ብሎ ነው ድሮ ሰው በአንድ ቤት የሚኖረው?» አለች። «ዕቃው ሁሉ አይጋጭም ነበር?»

«ይርጋለም አባቴ ቤት ስምንት ሰው ነበርን።»

«በአንድ ቤት?»

«በአንድ ራውተር። ቡፌው ላይ፣ ከሰርግ ፎቶው አጠገብ ነበር የሚቀመጠው። ያኔ ልባችን ራውተር አይፈልግም፣ ስልካችን ነው የሚፈልገው።» እያወሩ የጫማቸውን ክር ማሰር አቆሙ። «ቆይ። አንድ ጊዜ ተጋጭቶብናል። ታላቅ እህቴ ለሰርቪስ ቤቱ ሁለተኛ ራውተር አመጣች። ያን ቀን ቤቱ ቀውጢ ሆነ፤ የማንም ስልክ አይሠራም፣ ሁሉም 'ዋይፋዩን ማን ነካው' እያለ ይጮሃል። እህቴ ቁጭ ብላ የሆነ ቁጥር ቀየረችና ተስተካከለ።»

«ምን ቁጥር?»

«እንዲህ ነበር ያለችን። በአንድ ቀበሌ ሁለት አስራ አንድ ቁጥር ቤት ካለ እንግዳው በር ይሳሳታል። አንደኛውን ሌላ ቀበሌ ካደረግነው ግን ሁለቱም አስራ አንድ እንደሆኑ ይኖራሉ። ቀበሌውን ነው የቀየረችው።»

ትሁት ወደ ላይ ሮጣ የዶክተሩን ራውተር በፎጣው እንዳለ ይዛ ተመለሰች። ትንሽ ባትሪ ነበረው፣ በራ። በስልኳ ገብታ ማንም የማይከፍታቸውን ገጾች አንድ በአንድ እየከፈተች ወረደች። ከታች፣ «የውስጥ አድራሻ» በሚል ርእስ ሥር፣ አንድ መስመር ቁጥር ተገኘ። 192.168.1.1 ይላል።

«አራት ቁጥር ነው ያለው። የትኛው ነው ቀበሌው?»

«ሦስተኛው ይመስለኛል።»

«ይመስልዎታል?»

«ልጅ ነበርኩ። ዳቦ እየበላሁ ነበር።»

ትሁት ሦስተኛውን አንድ አጥፍታ ሁለት ጻፈች። ራውተሩ ጠፋ። ሁለቱም እስትንፋሳቸውን ይዘው አዩት። ቆየት ብሎ መብራቶቹ አንድ በአንድ መጡና የዶክተር ያብስራ ልብ የራሱን ራውተር አግኝቶ አዲሱ ቀበሌ ውስጥ አስራ አንድ ቁጥር ሆኖ ገባ።

ይህ ግን በግቢ ውስጥ ነው። ቁም ነገሩ ቤት ውስጥ ሲገቡ የሚሆነው ነው። ተሳስተው ከሆነ የማርሲላስ ልብ እንደገና ይጠፋል።

ትሁት ወጥታ እናቷ አጠገብ ተቀመጠች። አንድ እጇን የእናቷ አንጓ ላይ አደረገች። ዓይኗ ራውተሩ የሚሰማውን ምት በሚያሳየው የግድግዳ ሰሌዳ ላይ ነው። ጣቷ ሥር የሚመታውና ሰሌዳው ላይ የሚመታው አንድ ነው። «ይምጡ!» ብላ በመስኮቱ ተጣራች። «ቀስ ብለው!»

ዶክተር ያብስራ ራውተሩን በሁለት እጃቸው አቅፈው ደረጃውን መውጣት ጀመሩ። ሕፃን የተቀበለ ሰው ነው የሚመስሉት።

«የት ደረሱ?»

«ኮሪደሩ ጋ!»

ሰሌዳው አልተነቃነቀም። ትሁት የእናቷን አንጓ አጥብቃ ያዘች። የእናቷን እጅ እንዲህ ይዛ የምታውቀው መቼ እንደሆነ ለማስታወስ ሞከረች፤ አልመጣላትም። ቆዳው ስስ ነው። ከሥሩ ያለው ምት ግን ግትር ነበር።

«በሩ ጋ ነኝ» አለ ድምፅ። «ልቤ በጣም ነው የሚመታው፣ ልንገርሽ። ይህን ያህል ሆኖ አያውቅም።»

«ይግቡ።»

ገቡ። ደረታቸው በሸሚዛቸው ላይ ሲነሳና ሲወድቅ ይታያል። ትሁት ሰሌዳውን አየች። የእናቷ ምት እንደነበረ ነው፣ ጣቷ ሥር እንዳለው። ከሥሩ ሌላ መስመር ብቅ አለ፤ የሚፈጥን፣ የሚደናበር፣ ሌላ አስራ አንድ ቁጥር።

«ሁለት ነው» አለች። «ሁለት ነው! ይቅረቡ፣ ይቅረቡ፣ ምንም አይሆንም።»

ዶክተር ያብስራ ራውተሩን መደርደሪያው ላይ ከሚስታቸው ራውተር ጎን አስቀመጡት። ትሁት ሁለቱን በአንድ ገመድ አያያዘቻቸው። በሩ ዝም ብሎ ተዘጋ። አልጋው አልተነሳም፣ አልወደቀም። ዶክተሩ ወለሉ ላይ ተንበርክከው፣ ሰሌዳውን ያላመኑ ይመስል፣ ጆሯቸውን የሚስታቸው ደረት ላይ አደረጉ።

«ላም ነኝ እንዴ?» አሉ ወይዘሮ ማርሲላስ የባላቸውን ፀጉር እየነካኩ።

«ዝም በይ፣ እየሰማሁ ነው።»

ራውተሩ ከማዕከሉ መልእክት አመጣ። የሚያነበው እንደ ወትሮው በለሰለሰ ድምፅ ቢሆንም ግራ የገባው ይመስል ነበር። «በዚህ ቤት ውስጥ ሁለት ሰዎች ያሉ ይመስላል። ይህ ስህተት ከሆነ እባክዎ ያርሙ።» ሰሌዳው ላይ ሁለት ምልክቶች ታዩ። አንዱ «ስህተት ነው» ይላል፣ ሌላው «ትክክል ነው»።

ትሁት እናቷን አየች።

«አንቺው ጫኚው» አሉ ወይዘሮ ማርሲላስ።

ልጅቱ ተነስታ ሰሌዳው ፊት ቆመች። ስለ መስኮት መከፈት፣ ስለ ቴሌቪዥን ድምፅ፣ ስለ መታጠቢያ ቤት ተራ አሰበች። ስለ አባቷም አሰበች። ከዚያ «ትክክል ነው» የሚለውን ተጫነች።

ማዕከሉ ውሳኔውን አነሳ። ለምን እንዳነሳ አልገለጸም።

በማግስቱ ጠዋት ትሁት ሥራ ከመግባቷ በፊት ከጣቢያው ደወለች። «እንዴት አደርሽ እማዬ?»

«እንቅልፍ የሚባል አልወሰደኝም።»

«ምነው? አመመሽ?»

«ያንኮራፋል። ቤቱን ሊያፈርሰው ነው፣ እስኪ ስሚው።» ወይዘሮ ማርሲላስ ስልኩን ወደ አልጋው አስጠጉት።

ትሁት በባቡሩ ጩኸት መሃል ጆሮዋን በእጇ ከልላ አዳመጠች። እውነትም ያንኮራፋሉ። «ራውተሩ በጎናቸው እንዲያስተኛቸው እኮ ማዘዝ ይቻላል» አለች። «አልጋውን በአንድ በኩል ከፍ ያደርገዋል።»

«ነግሮኛል። ላድርገው ወይ ብሎ ጠይቆኝ ነበር።»

«እና?»

«ተወው አልኩት» አሉ ወይዘሮ ማርሲላስ።